ከአንድ ቤት አንድ ልጅ

ባለፈው የቡለቲናችን እትም አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ክርስቲያናዊ የረድኤት ድርጅቶች የጻፈውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ፣ በየቤተክርስቲያኑ ግቢ ያሉት የሕፃናት ፕሮጀክቶች ልጆችን ደብዳቤ እያስጻፉ የፈረንጅ እጅ ማየት ያስተምራሉ፣ ለድሃው ቤተሰብም ጥገኝነትን ያወርሳሉ የሚል ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ብዙ እንደተነበበበትም ያስታውቃል። ጸሐፊው ግን ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ለዳቦና ለሻይ ተሰልፎ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ተሰልፌያለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ስለዚህ ይህን መልስ ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና ለፕሮጀክቶቹ ጥብቅና ለመቆም አይደለም የተነሳሁት። እንዲያውም የእኔ ቅሬታ ከእሱ ቅሬታ የሚብስ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያርፍበት ቦታ ነው የተለየው።

የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሲያርፍ እናቴ ከሦስት ልጆች ጋር ቀረች። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ እኔ አምስት ዓመቴ፣ ታናሽ እህታችን ደግሞ ገና ጡት ያልጣለች ነበረች። እማዬ እንጦጦ እየወጣች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ መውረድ ጀመረች። በሽሮ ሜዳ መንገድ ያለፈ ሰው እነዚያን ሴቶች ያውቃቸዋል፤ ጎብጠው፣ ሸክሙ ከኋላ ሲታይ እግር ያወጣ የእንጨት ክምር እየመሰለ፣ አስፋልቱን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ። መኪናውን አቁሞ ፎቶ የሚያነሳቸውም አይጠፋም።

በ2001 ዓ.ም. በሰፈራችን በአንድ የወንጌላውያን ቤተክርስቲያን ግቢ ፕሮጀክት ተከፈተና ምዝገባ ተጀመረ። እማዬ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ያን ሰሞን ሌሊት እየተነሳች ቁጭ ትል እንደነበር ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ «ማተብህን እንዳትበጥስ እንጂ የሚሰጡህን ብላ፣ የሚያስተምሩህንም ስማ» ብላ ላከችኝ። ጎረቤት ግን አልማራትም፤ «ልጇን በዘይትና በሳሙና ለወጠችው» ተባለች። ይህን የማነሳው ሰፈሬን ለማማት አይደለም። በእኛ አገር በአንዱ ቤተ እምነት ግቢ የሚሰጥ እርዳታ ለሌላው ቤተ እምነት እናት ምን ያህል እንደሚከብዳት ሪፖርት ላይ ስለማይጻፍ ነው። በእኔ በኩል ማተቤን ማንም በጥስ አላለኝም፤ መዝሙሩን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ሶሻል ወርከሯ ቤታችን መጥታ ቅጽ ሞላች። በእኛ ፕሮጀክት ደንቡ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ነበር። ወንድሜ «ዕድሜው አልፏል» ተባለ። እህቴ «ገና ናት» ተባለች። እኔ በሁለቱ መካከል ተገኘሁ። መመረጤ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ብልጫ አልነበረኝም። በጭቃ ግድግዳችን ፊት ለፊት ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዤ ፎቶ ተነሳሁ። ሳቅ ብዬ ነበር፤ «አትሳቅ» አሉኝ መሰለኝ፣ ፎቶው ላይ አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ወንድሜ ጽሑፍ ልመለስና (የሦስተኛ ዓመቱን ማለቴ ነው) ጥገኝነት የሚለውን ነገር ልየው። ፕሮጀክቱ ምን ሰጠኝ? ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ በዓመት አንዴ የሐኪም ምርመራ፣ የወስፋት መድኃኒት፣ ለገና ጫማ። እነዚህን አንድ ሀብታም ጎረቤትም ሊያደርጋቸው ይችል ነበር። ሌላ ማንም ሊሰጠኝ የማይችለውን የሰጠችኝ ግን የቅዳሜ አስተማሪያችን ነች። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ወድቄ ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። በሦስተኛው እሷ ራሷ ቤት ድረስ መጣችና እማዬን «ይሄ ልጅ መሐንዲስ ባይሆን እንኳ ሒሳብ አይጥለውም፤ ላኪልኝ» አለቻት። ደመወዟ ከቀበሌ ጥበቃ ደመወዝ እንደማይሻል በኋላ ነው የሰማሁት። በእኛ ቤት ስለ ነገ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ስለ ነገ የሚወራው ጤፍ ካለቀ ብቻ ነው። ይቺ ሴት ግን ሁል ጊዜ «ስትመረቅ» እያለች ነበር የምታወራው፤ «ከተመረቅክ» ብላ አታውቅም። ቃላቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሩስ ዋይዲክ፣ ፖል ግሌዌና ሌይን ራትሌጅ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ላይ ያወጡት ነው። በቦሊቪያ፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ የኮምፓሽን ኢንተርናሽናል ሕፃናት የነበሩ ሰዎች አድገው ምን እንደደረሱ ተከታትለዋል። ኢትዮጵያ የለችበትም። የ10,144 ሰዎችን መረጃ ሰብስበው ያገኙት ውጤት፣ ስፖንሰር የነበራቸው ልጆች ከሌላቸው ይልቅ ከ1.03 እስከ 1.46 ዓመት የበለጠ ተምረዋል፤ ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅ ዕድላቸውም ከመቶ ከ12 እስከ 18 ነጥብ ጨምሯል፤ ካደጉ በኋላም ደመወዝ ያለው ሥራ ይዘው የተገኙት በዝተዋል። ዋይዲክ ከባልደረቦቹ ጋር ኢንዶኔዥያ፣ ጃካርታ ውስጥ ደግሞ ልጆች ከለር ተሰጥቷቸው የራሳቸውን ሥዕል እንዲስሉ አድርጎ ሥዕሉን በሥነ ልቦና መለኪያ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚያ ጥናት ስፖንሰር ያላቸው ልጆች ሥዕል ላይ ተስፋ የሚባለው ነገር ጎልቶ ተገኝቷል። እንግዲህ የጥገኝነት ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ለፕሮጀክቶቹ የተከራከርኩ እመስላለሁ። ግን ያንን የ2013 ጥናት ሳነብ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ተመራማሪዎቹ ስፖንሰር ያገኘውን ልጅ ከማን ጋር ነው ያነጻጸሩት? ፕሮግራሙ መንደሩ ሲገባ ዕድሜያቸው 12ና ከዚያ በታች የሆኑት ብቻ ይመዘገቡ ነበር። ስለዚህ ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆኑ። አንድ ቤት፣ አንድ እናት፣ አንድ ድህነት፤ ልዩነቱ አንዱ መመዝገቡ፣ ሌላው አለመመዝገቡ። ለጥናት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም፤ መምህሮቻችንም ይመሰክራሉ። ፕሮጀክቱ ሽሮ ሜዳ ሲገባ ወንድሜ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ባለፈው ክረምት ይህንኑ ለወንድሜ አስረዳሁት። እሱ ሸማ ላይ ነበር፣ እግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ። ትንሽ አሰበና «እና አንተን ከእኔ ጋር አስተያይተው ነው ‹ይሠራል› ያሉት?» አለኝ። ከዚያ የተበጠሰች ክር ቋጠረና መወርወሪያውን ላከው።

ወንድሜ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ እኔ በተመዘገብኩ ዓመት። የአባታችንን ዕቃ ያዘና ነጠላ መሥራት ጀመረ። ድርና ማጉን የሚሰጠው ነጋዴ ነው፤ ነጠላውን የሚወስደውም እሱ ነው፤ ዋጋውን የሚወስነውም እሱ ነው። የቤት ኪራያችን ከዚያ ይከፈል ነበር። የማታ ሽሯችንም ከዚያ ነው። ታዲያ እኔ ተጨማሪዋን የአንድ ዓመት ትምህርት ከየት አመጣኋት? ከስፖንሰሬ ወርኃዊ ገንዘብ ብቻ ነው? በሰንጠረዡ ላይ የእኔ ውጤት የፕሮጀክቱ ውጤት ተብሎ ይመዘገባል፤ ወንድሜ ግን ምንም ያላገኘው ተብሎ በማዶው ረድፍ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ግማሹ ውጤት የወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተሠራው እላለሁ።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ሲመርጥ፣ ቤተሰቡም ያንኑ ልጅ ይመርጣል። ድሃ ቤት ሞኝ አይደለም። ዩኒፎርምና ደብተር የሚሸፈንለት አንድ ልጅ ካለ፣ ያለው ጥቂት ተስፋ በሙሉ በእሱ ላይ ይጣላል፤ እንቁላሉ ለእሱ፣ መብራቱ ለእሱ፣ «አትረብሹት ያጥና» ለእሱ። የቀሩት ተሸካሚ ይሆናሉ። ይህን ማንም በክፋት አያደርገውም፤ እማዬ ሦስታችንንም እኩል እንደምትወድ አውቃለሁ። ግን ከውጭ የመጣ ምርጫ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ምርጫ ይወልዳል። ፕሮጀክቱ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስለ ደብዳቤውም ልናዘዝ። ስፖንሰሬ በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ነበሩ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይጽፉልኛል፤ የውሻቸውን ፎቶ ሁሉ ልከውልኛል። አንድ ጊዜ «ወንድምህ ስንተኛ ክፍል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አስተማሪያችን የደብዳቤውን መነሻ ሰሌዳ ላይ ትጽፍልን ነበር፤ ሁልጊዜም «ቤተሰቦቼ ደህና ናቸው» የሚል አለበት። እኔም ጻፍኩ፦ ወንድሜ ደህና ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዋሽ ያለኝ ሰው የለም። የአሥር ዓመት ልጅ ብሆንም እውነቱን ብጽፍ ጥያቄ እንደሚመጣ፣ ምናልባትም ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ደብዳቤ «ጎበዝ ወንድም አለህ» ብለው ጻፉ። እሱስ እውነት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። በእርግጥ ሰውን ቆራርጦ የመርዳት ነገር በአገራችን ቤተክርስቲያን ከተነሳ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ልካ ነበር። የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው የተገደሉት። ደብዳቤው ለምዕራባውያን ለጋሾች ያለው በአጭሩ፣ ለልማት ፕሮጀክት በሚመቻችሁ መስፈርት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለቀረው የቤተክርስቲያን ሥራ ግን እጃችሁ ያጥራል፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ የሚከፈል አይደለም፣ አገልግሎታችንም ለሙሉ ሰው ነው የሚል ነበር። በዚያ ዘመን አንዲት የድሃ አገር ቤተክርስቲያን ለረጂዎቿ ይህን ያህል ደፍራ መናገሯ ዛሬም ያስደንቀኛል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ካልተከፈለ፣ ቤትስ የተመረጠና ያልተመረጠ ተብሎ እንዴት ይከፈላል?

መፍትሔ የለህም እንዳትሉኝ። አንዱ መንገድ የወርልድ ቪዥን ዓይነቱ ነው፤ የስፖንሰሮች ገንዘብ ተሰብስቦ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና እየተባለ ለአካባቢው ይውላል። የእሱም ጣጣ አለው፤ የልጁ ፎቶ ባሕር ይሻገራል፣ ልጁ ግን ለእሱ ብሎ የሚመጣ ሰው ላያይ ይችላል። እኔን የጠቀመኝ ደግሞ ያ የሚመጣው ሰው ነው።

የበለጠ ልቤን የሚስበኝ በአዳማ የተጀመረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን ከእንግሊዙ ቲርፈንድ ጋር ሆና በአምስት ቡድኖች የራስ አገዝ ማኅበራትን ጀመረች። ሐሳቡ ከሕንድ የተቀዳ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኑሯቸው የሚመሳሰል እስከ ሃያ የሚደርሱ ድሆች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ተሰብስበው ሳንቲምም ብትሆን ይቆጥባሉ። ከውጭ የሚሰጣቸው መነሻ ገንዘብ የለም። የሚያበድሩት የራሳቸውን ቁጠባ ነው፤ መሪነቱም ይዘዋወራል። ዕቁብ ነው እንዳይባል ዕጣ የለውም፤ የሚያስፈልጋት ትበደራለች፣ ከነወለዱ ትመልሳለች። ቤተክርስቲያኗ የምትሰጠው አንዲት አስተባባሪ ነው፤ የምታስተምርና ቀስ በቀስ የምትወጣ። በየግቢው ካለው ፕሮጀክት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። ፎቶ የሚሆንም ነገር የለውም፤ ሃያ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሳንቲም ሲቆጥሩ ማን ይገዛዋል?

የእኛ ፕሮጀክት በ2007 ዓ.ም. ለልጆቹ እናቶች የዚህን ዓይነት ቡድን አቋቋመ። እማዬ መጀመሪያ አልፈለገችም። «አሥር ብር ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ» ነበር ያለችው። በኋላ ገባች። የመጀመሪያው ዓመት አልሰመረም፤ አንዲቱ ተበድራ ሰፈር ቀየረች፣ ሌሎቹም ተጣሉ፣ እማዬም ለወራት ቀረች። በሁለተኛው ዓመት 1,500 ብር ተበደረችና ለወንድሜ ድርና ማግ ገዛች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ የራሱን ክር ሠርቶ፣ ነጠላውን ራሱ ለፈለገው ሸጠ። ልዩነቱ በሚሊዮን የሚቆጠር አልነበረም። ግን እማዬ እንጦጦ የምትወጣበት ቀን በሳምንት ከስድስት ወደ ሦስት ወረደ። እህቴም ስፖንሰር ሳይኖራት (ደንቡ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ነዋ) ትምህርቷን ሳታቋርጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። የእሷን ትምህርት በየትኛው ረድፍ ላይ እንጻፈው?

ልብ በሉ፣ ስፖንሰርነት ይቅር አላልኩም። ሰው ገንዘብ የሚሰጠው ፊት ሲያይ ነው፤ «አንድ ቤተሰብ ይርዱ» ከሚለው ይልቅ «ይህቺን ልጅ ይርዱ» የሚለው ኪስ ይከፍታል። ይህን የሚያውቁት ድርጅቶች ተሳስተዋል አልልም። እኔም ያቺን ውሻ የነበራቸውን ሴትዮ አልወቅስም፤ አሁንም ደብዳቤዎቻቸው አሉኝ። ግን የአንድ ልጅ ተስፋ በአንዲት የውጭ ክር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ሕንድ ላይ ታይቷል። መንግሥት ከውጭ ገንዘብ እንዳይቀበል ስለከለከለው ኮምፓሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ አገር ሲወጣ 145,000 ያህል ሕፃናት ከፕሮግራሙ ውጪ ሆኑ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ለሌሎች ልተወው። እናቶቻቸው ሳንቲም የሚቆጥሩበት አግዳሚ ወንበር የነበራቸው ልጆች ግን በማግስቱም አንድ የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል ብዬ አስባለሁ። የሃይማኖቱንም ጣጣ ቢሆን ያቃልለዋል፤ በእማዬ ቡድን ውስጥ የማርያም ማኅበርተኞችም፣ የወንጌላውያን ምዕመናንም፣ ሁለት ሙስሊም እናቶችም ነበሩ፤ ብሩን ሲቆጥሩ ያጣላቸው ሌላ ነገር እንጂ ሃይማኖት አልነበረም።

እና ምን ይደረግ? በበኩሌ ትልቅ ነገር አልጠይቅም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከእኛ ክፍል ብዙዎቻችን ለመስክ ልምምድ የምንመደበው በእነዚሁ ፕሮጀክቶች ነው። የምዝገባ ቅጽ እንሞላለን፣ ቤት ለቤት እንሄዳለን። በእኔ ቅጽ ላይ ስለ ወንድሜ የተጻፈው ነገር አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ የቤተሰብ ብዛት፣ 4። እኔ የምለው ከዋናው ቅጽ ጋር የምትያያዝ ግማሽ ገጽ ትኑረን። በቤቱ ያሉት ልጆች ሁሉ ስም ይጻፍ። የትኛው ይማራል፣ የትኛው ይሠራል፣ ምን ይሠራል፣ ለማን? እናትየዋ በቡድን ቁጠባ አለችበት ወይ? ልጁ ለስፖንሰሩ ስለ ቤቱ እውነቱን ቢጽፍ ቦታውን እንደማያጣ በቃል ይነገረው፤ ለእናቱም። ለአስተማሪዋም ሰሌዳ ላይ «ቤተሰቦቼ ደህና ናቸው» ብላ እንዳትጽፍ።

ግማሽ ገጿን አዘጋጅቼ ለክፍል ተጠሪያችን ሰጥቻለሁ። መምህራን ብታዩልኝ፣ ብታርሙልኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ «የሚሠራ ልጅ» የሚለውን ጥያቄ ሳያስፈራ እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል አልመጣልኝም። የባለፈው እትም ጸሐፊ ደግሞ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ቅዳሜ አብረን ሽሮ ሜዳ እንሂድ። ግቢውን ካየን በኋላ ወንድሜ ዘንድ እንገባለን፤ ቅዳሜም ይሠራል። ከሁለት ሰዓት በፊት እንድረስ ብቻ፣ ዳቦው ቶሎ ያልቃል።